የስልክዎ ምስጢር እስከ የት ነው? ሐዋሳ ላይ ስለ ምስጠራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከፒያሳ እስከ ቱላ ሰው ስልኩን ይዞ የሚጠይቃቸው ናቸው። ምስጠራ፣ ማለትም ኢንክሪፕሽን፣ መልዕክት የሚያልፍበትን መንገድ አጥብቆ ዘግቶታል። ዛሬ ምስጢር የሚወጣው ከመንገዱ ሳይሆን ከጫፎቹ ነው፦ ከቀፎው፣ በኤስኤምኤስ ከሚመጣው ኮድ፣ ከኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለእነዚህ ነው።

ዋትስአፕ «ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ» ይላል። ከማን ነው የተደበቀው?

መሃል ላይ ካለው ሁሉ፦ ከኔትወርክ አቅራቢው፣ ከካፌው ዋይፋይ፣ ከራሱ ከዋትስአፕም። መተግበሪያው ሲጫን ስልክዎ ጥንድ ቁልፎች ያመነጫል። አንደኛው ለማንም የሚሰጥ ነው፤ ወዳጅዎ መልዕክቱን ለእርስዎ የሚቆልፈው በእሱ ተጠቅሞ ነው። ሁለተኛው ከቀፎው አይወጣም፤ የተቆለፈውን መክፈት የሚያስችለውም እሱ ነው። ድርጅቱ የሚያስተላልፈው የተቆለፈውን ብቻ ነው፤ ቁልፉ በእጁ የለም።

ይህ እንዲሆን መሠረቱን የጣለው የምስጠራ ተመራማሪዎቹ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሰዎች በምስጢር ለመጻጻፍ ቁልፉን አስቀድመው በእጅ ወይም በታማኝ መልዕክተኛ መቀባበል ነበረባቸው፤ ስለዚህም ምስጠራ የጦር ሠራዊትና የኤምባሲ ሥራ ሆኖ ቆየ። በ1991 ፊል ዚመርማን ፒጂፒ የተባለውን የኢሜይል መመስጠሪያ ለሕዝብ ለቀቀ። በ2013 ለአሜሪካ የስለላ ተቋም ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች መንግሥታት ኢንተርኔቱን በምን ስፋት እንደሚከታተሉ ሲያሳዩ፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች ነገሩን ችላ ማለት አልቻሉም። ዋትስአፕም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ከአንድ ቢሊዮን በላይ ለሆኑት ተጠቃሚዎቹ በሙሉ አበራው። የነገሥታት የነበረ መሣሪያ ማንም ሳያዝዘው በገበያተኛዋ ኪስ ገባ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አቅልለን ልናየው አይገባም።

ቴሌግራምስ እንደዚያው ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በቴሌግራም ተራ ቻት፣ ግሩፕና ቻናል መልዕክቱ ተመስጥሮ የሚሄደው ከስልክዎ እስከ ቴሌግራም ሰርቨር ነው። እዚያ ይቀመጣል፤ መክፈቻው በድርጅቱ እጅ ነው። አዲስ ስልክ ገዝተው ሲገቡ የአምስት ዓመት ወሬዎ እንዳለ የሚጠብቅዎትም ለዚህ ነው። ምቾቱና ክፍተቱ የመጡት ከአንድ ቦታ ነው።

ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» ነው። የሰውየውን ስም ነክተው ፕሮፋይሉን ይክፈቱ፣ ሦስቱን ነጥቦች ይጫኑ፣ «ስታርት ሲክሬት ቻት» ይበሉ። አረንጓዴ የቁልፍ ምልክት ይታያል። ማወቅ ያለብዎት ይህን ነው፦ በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ይሠራል፤ በጀመሩበት ስልክ ላይ ብቻ ይታያል፤ ሎግ አውት ካደረጉ ይጠፋል። የዕቁብ ወይም የእድር ግሩፕ ሲክሬት ሊሆን አይችልም። የሕክምና ውጤት፣ የውል ሰነድ፣ የመታወቂያ ፎቶ ለአንድ ሰው ሲልኩ ግን ሲክሬት ቻት ይክፈቱ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ድሮ በደብዳቤና በመስመር ስልክ ከነበርንበት ጊዜ ጋር ሲተያይ፣ ምስጢራችን ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

የምንለው ነገር የተሻለ ተሸፍኗል፤ የምናደርገው ግን የበለጠ ተጋልጧል።

ደብዳቤ ፖስታ ቤት ውስጥ በእንፋሎት ሊከፈት ይችል ነበር፤ የመስመር ስልክንም መሃል ላይ ያለ ሰው መስማት ይችል ነበር። የዛሬውን የዋትስአፕ ጽሑፍ ግን እንዲያ መሃል ላይ ይዞ ማንበብ አይቻልም። ታዲያ ምን ተጋለጠ? ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ከየት ሆነው እንደተገናኙ። ይህ አይመሰጠርም፤ መልዕክቱን ለማድረስ አገልግሎቱ ለማን እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። ስልክዎ ሲበራ በአካባቢው ካለ የኔትወርክ ማማ ጋር ይያያዛል፤ ከሐይቅ ዳር ወደ ታቦር ሲሄዱ ማማው ይቀየራል፣ ለውጡም ይመዘገባል። ዌብሳይት ሲከፍቱ ገጹ ላይ ያነበቡት አይታይም፤ የጎበኙት ድረ ገጽ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ለኔትወርኩ ይታያል።

አንድ ምሳሌ ብቻ። አንዲት ሴት ማታ ለማህፀን ሐኪም ደወለች፣ ቀጥላ ለእህቷ፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ስልኳ ሆስፒታል አካባቢ ካለ ማማ ጋር ተያያዘ። አንድም ቃል አልተሰማም። ቢሆንም መዝገቡን ያየ ሰው ጉዳዩን ይገምታል። ስለዚህ «ተመስጥሯል» የሚለው ቃል «ማንም ስለ እኔ አያውቅም» ማለት አይደለም።

ተራ የስልክ ጥሪና ኤስኤምኤስ ይመሰጠራሉ?

ከቀፎው እስከ ማማው ድረስ በአየር ላይ ይመሰጠራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በአገልግሎት ሰጪው ሥርዓት ውስጥ ክፍት ናቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥበቃ የላቸውም። እንደ *127# ያሉ አጭር ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው። ለዕለት ሥራ ምንም አይሉም፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል ወይም የባንክ የምስጢር ቁጥር በኤስኤምኤስ ጽፎ መላክ አይገባም። ለተቀባዩ ቢደርስም መልዕክት ሳጥኑ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል።

«በስህተት ኮድ ተልኮብሃል፣ ላክልኝ» የሚል መልዕክት ከማውቀው ሰው መጣ። ምንድን ነው?

ያ ሰው አካውንቱ ተወስዶበታል፤ አሁን ተራው የእርስዎ ነው። የመጣው ኮድ የእርስዎን አካውንት በሌላ ስልክ ለመክፈት የተጠየቀ ነው። የዋትስአፑ 6 አሃዝ ነው፤ የቴሌግራሙ 5። ሌባው ምስጠራውን አልሰበረም፣ መስበርም አይችልም፤ ቁልፉን እንዲሰጡት ብቻ ጠየቀ። የሚያምኑት ሰው ስም ላይ ሆኖ ስለሚጠይቅ ነው የሚሳካለት። ለእናትዎም ቢሆን ኮድ አይላክም፤ እናትዎ ኮድዎ ምን ያደርግላቸዋል?

ከሰጡ በኋላ የሚሆነው እንደ መተግበሪያው ይለያያል። ዋትስአፕ ከሆነ ሌባው የድሮ ወሬዎን አያገኝም፤ ያ ያለው በቀፎዎ ላይ ነው። ግን በስምዎ «አንድ ችግር ገጥሞኝ ነው፣ 5 ሺህ ብር ላክልኝ» እያለ ለዘመድ ወዳጅ ይጽፋል። ቴሌግራም ከሆነ ግን ከሲክሬት ቻት በስተቀር ዓመታት የተጻፈውን ሁሉ፣ የላኳቸውን ፎቶዎችና የመታወቂያ ኮፒዎች ጭምር ያነብባል።

የማስመለሻው መንገድ እንዲህ ነው። በዋትስአፕ መተግበሪያውን ከፍተው ቁጥርዎን እንደገና ያስመዝግቡ፤ የሚመጣልዎትን ኮድ ሲያስገቡ ሌባው ወዲያው ይወጣል። እሱ ያስቀመጠው ተጨማሪ ፒን ከተጠየቁና ካላወቁት 7 ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ግን እሱም መግባት አይችልም። በቴሌግራም ስልክዎ ላይ ገና አልወጡ እንደሆነ «ሴቲንግ» ከዚያ «ዲቫይስስ» ይግቡና የማያውቁትን መሣሪያ ያስወጡ። እዚህ ላይ ፍጥነት ነው ዋናው፦ ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ የድሮዎቹን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብልጫው የእርስዎ ነው። ጎን ለጎን በቀጥታ ደውለው ለቅርብ ሰዎች ይንገሩ፤ ገንዘብ የሚጠፋው በእነዚያው ሰዓታት ነው።

ሳይደርስብዎት ደግሞ ዛሬውኑ ሁለተኛ ቁልፍ ያስቀምጡ። በዋትስአፕ «ሴቲንግ»፣ «አካውንት»፣ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ውስጥ 6 አሃዝ ያስገቡ። በቴሌግራም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ በተመሳሳይ ስም ያገኙታል። ማስመለሻ ኢሜይል ሲጠይቅዎት አይዝለሉት፤ የይለፍ ቃሉን ረስተው ኢሜይል ከሌለ አካውንቱን ደምስሶ ከባዶ ከመጀመር ሌላ መውጫ ላይኖርዎት ይችላል። የትውልድ ዓመትና 123456 ፒን አይደሉም።

ኮፒ ቤት ፋይል ፕሪንት ለማድረግ በቴሌግራም እልካለሁ። ችግር አለው?

አለው፤ ይህ ደግሞ ከተማችን ውስጥ በየቀኑ የሚሆን ነው። ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በር አካባቢ ያሉትን ኮፒ ቤቶች ይመልከቱ። ተማሪው ለቤቱ የቴሌግራም አካውንት የፋይዳ መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ ሲቪውን ይልካል፤ ልጁ ያትምለታል፤ ሒሳብ ተከፍሎ ሁለቱም ይረሱታል። ፋይሉ ግን ሁለት ቦታ ቀርቷል። አንዱ ቻቱ ውስጥ ነው። ሌላው ኮምፒውተሩ ላይ «ዳውንሎድስ» ውስጥ ባለው «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር ነው፤ የብዙ መቶ ሰው መታወቂያ ስምና ፎቶ እንዳለበት እዚያ ተደርድሮ ይገኛል። ኮፒ ቤቱ ክፋት የለውም፣ ሥራ ስለሚበዛበት ነው። ያንን ፎልደር በፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ግን በስምዎ ብዙ ነገር መሞከር ይችላል።

ከታተመ በኋላ ቻቱ ላይ ፋይሉን ተጭነው «ዲሊት» ይበሉ፤ ለእሱም ወገን እንዲጠፋ የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አይርሱ። ይህ ግን ዳውንሎድ የሆነውን አይነካም። ስለዚህ «ወንድሜ፣ ከፎልደሩም አጥፋልኝ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርግልኝ» ብለው ቆመው ያስጠፉ። ደስ የማይል ጥያቄ አይደለም፤ መብትዎ ነው። ፋይሉን በራስዎ ፍላሽ ይዘው ሄደው ከዚያው ቢያሳትሙ ይሻላል፤ የኮፒ ቤት ኮምፒውተሮች ቫይረስ ስለማያጣቸው ግን ፍላሹ ላይ ሌላ ነገር አይኑር። ለኮፒ ቤት ባለቤቶችም አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ ማታ ከመዝጋታችሁ በፊት ያን ፎልደር ባዶ አድርጉት። አንድ ደቂቃ ነው፤ የሰው አደራ ነው።

የራስዎን ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ በኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ግን ፈጽሞ አይሞከር። ክፍት ትተው ከሄዱ ቤትዎ ሆነው የሚጽፉትን እዚያ ያለ ሰው ያነባል። ስልክዎ ቢጠፋም እንኳ በዋትስአፕ የተያያዘው ኮምፒውተር እስከ 14 ቀን መሥራቱን ይቀጥላል። ከዚህ በፊት አድርገው ከሆነ «ሊንክድ ዲቫይስስ» ከፍተው የማያውቁትን ሁሉ ያስወጡ። የትዳር ጓደኛ ወይም ዘመድ ተደብቆ የሚከታተለውም በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው፦ ስልክዎን ለአፍታ ያነሣል፣ በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን የኪውአር ኮድ ስካን ያደርጋል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

ስልኬን ለጥገና ስሰጥ ፓተርኑን ይጠይቁኛል። ልስጥ?

እንደ ብልሽቱ። ስክሪን፣ ባትሪ ወይም ቻርጅ ማድረጊያ ለመቀየር ፓተርን አያስፈልግም። ባለሙያው የሚፈልገው ስክሪኑ መንካትን እንደሚቀበል ለማየት ከሆነ እርስዎ እዚያው ቆመው ይክፈቱለት። መስጠት ግድ ሲሆን ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጥተው ይያዙ። የቅርብ ጊዜ ሳምሰንግ ስልኮች «ሜንቴናንስ ሞድ» አላቸው፤ ሲበራ ጠጋኙ ስልኩን መፈተሽ ይችላል፣ ፎቶና መልዕክትዎን ግን አያይም። ሌላ ቀፎ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ ፓተርኑን ይቀይሩ፣ የተያያዙ መሣሪያዎችንም ይፈትሹ።

ስልኬን ልሸጥ ነው። ፎቶዎቹን ማጥፋት ይበቃል?

አይበቃም። በእጅ የጠፋ ፎቶ ሊመለስ ይችላል። በፋብሪካ ሪሴት ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ የወጡ ስልኮች ማከማቻቸው የተመሰጠረ ስለሆነ ሪሴቱ ቁልፉን ያጠፋል፤ የቀረው ዳታ የማይነበብ ነው የሚሆነው። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መጀመሪያ የጉግል አካውንትዎን ከስልኩ ያስወጡ፣ ከዚያ ሪሴት። ገልብጠው ቢያደርጉት ገዢው ሲያበራው የእርስዎን ኢሜይልና ይለፍ ቃል ሊጠይቀው ይችላል፤ ተመልሶም ይመጣል። ሚሞሪ ካርድ በተለምዶ ስለማይመሰጠር አብሮ አይሸጥ።

ወሬዬ ተመስጥሮ ባክአፑስ?

ባክአፕ፣ ማለትም የወሬዎ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ብዙ ሰው ያላየው የኋላ በር ነው። የዋትስአፕ ወሬ ጉግል ድራይቭ ላይ ሲቀመጥ ያው ምስጠራ በራሱ አብሮት አይሄድም፤ ማብራት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። «ቻትስ»፣ «ቻት ባክአፕ»፣ «ኢንድ ቱ ኢንድ ኢንክሪፕትድ ባክአፕ» ውስጥ የይለፍ ቃል ወይም ባለ 64 አሃዝ ቁልፍ ይመርጣሉ። ከጠፋብዎት ዋትስአፕ ራሱ ሊከፍትልዎ አይችልም፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፈው ከመሬት ካርታዎ ጋር ያስቀምጡት።

የእህቴ ቻት ላይ «የደህንነት ኮዱ ተቀይሯል» ይላል። ልፍራ?

አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ቀይራለች ወይም ዋትስአፕን አጥፍታ ጭናለች ማለት ነው፤ አዲስ ቁልፍ ተፈጥሯል። ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ከሆነ ግን ደውለው ድምጿን ይስሙ። የበለጠ ማረጋገጥ ከፈለጉ ስሟን ነክተው «ኢንክሪፕሽን» የሚለውን ይክፈቱ፤ ባለ 60 አሃዙን ቁጥር እርስ በርስ ያነባብቡ። አንድ ከሆነ መሃል ላይ ማንም የለም።

የሐይቅ ዳር ሆቴሎችና ካፌዎች ዋይፋይ ላይ የባንክ መተግበሪያ ብከፍት?

ከአሥር ዓመት በፊት ቢሆን አይሞክሩት እንል ነበር። አሁን የባንክ መተግበሪያዎችና አብዛኞቹ ድረ ገጾች በራሳቸው የተመሰጠሩ ናቸው፤ የዋይፋዩ ባለቤት የሚያየው የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኙ እንጂ ያስገቡትን ቁጥር አይደለም። አደጋው ሌላ ነው። ብራውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ በቀይ ካስጠነቀቀ «ይሁን፣ ቀጥል» አይበሉ። ዋይፋዩን ለመክፈት የጉግል ይለፍ ቃል የሚጠይቅ ወይም አንድ መተግበሪያ እንዲጭኑ የሚያዝ ገጽ ከመጣ ይዝጉት። በቴሌግራም የሚላክ የባንክ መተግበሪያ ፋይልም ምንም ያህል አርማው ቢመሳሰል አይጫንም፤ ከፕሌይ ስቶር ብቻ።

ቪፒኤንን፣ ማለትም ግንኙነትዎን በሌላ ድርጅት በኩል የሚያሳልፈውን መተግበሪያ፣ በተመለከተ፦ ከኔትወርክ አቅራቢው የተደበቀው ለቪፒኤኑ ድርጅት ይታያል። ነጻ የሆነውና ማን እንደሠራው የማይታወቀው ቪፒኤን ስለዚህ ከካፌው ዋይፋይ ሊብስ ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነት አለመደፈርንም ጨምሮ፣ ደንግጓል። ያለ ፈቃድ የሰውን አካውንት መክፈት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃዎን የሚሰበስብ ድርጅት ለምን እንደሚሰበስብ እንዲነግርዎ፣ ስህተቱን እንዲያርም ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፖሊስ ጋ ከመሄድዎ በፊት መልዕክቶቹን ስክሪን ሾት አድርገው፣ ቀንና ስልክ ቁጥር እንዲታይ አድርገው ይያዙ፤ የጠፋ ቻት ማስረጃ አይሆንም።

ስልኬ መናኸሪያ ላይ ተሰረቀ። ከምን ልጀምር?

ከሲሙ። ሌባ ስክሪኑን መክፈት ባይችልም ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይከታል፤ ከዚያ የኮድ መልዕክቶች ሁሉ ለእሱ ይደርሳሉ። በሰው ስልክ 994 ደውለው ኢትዮ ቴሌኮም መስመሩን እንዲያግድ ያድርጉ፤ ቀጥለው ለቴሌብር 127፣ ከዚያ ለባንክዎ። በሁለተኛ ደረጃ በሰው ስልክ ብራውዘር፣ በ«ኢንኮግኒቶ» ገጽ፣ የጉግል «ፋይንድ ሀብ» (የቀድሞው «ፋይንድ ማይ ዲቫይስ») ገብተው ስልኩን ይቆልፉ ወይም ይደምስሱ። ጉግል ማረጋገጫውን ወደ ተሰረቀው ስልክ ሊልክ ስለሚችል ጉግል የሚሰጣቸውን የመጠባበቂያ ኮዶች አስቀድሞ በወረቀት መያዝ ይጠቅማል። መታወቂያዎን ይዘው ቅርብ ወዳለው የአገልግሎት ማዕከል ይሂዱና በዚያው ቁጥር አዲስ ሲም ያውጡ፤ እንደወጣ ዋትስአፕንና ቴሌግራምን አስመዝግበው የድሮውን ቀፎ ያስወጡ።

አዲሱ ሲም እጅዎ ሲገባ የሲም ፒን ያብሩለት፤ ይህ ቢኖር ኖሮ የተሰረቀው ሲም ሌላ ቀፎ ላይ አይሠራም ነበር። «ሴቲንግ» ውስጥ «ሲም ካርድ ሎክ» ብለው ይፈልጉት። መነሻ ፒኑን ሳያውቁ አይገምቱ፤ 3 ጊዜ ሲሳሳቱ ይቆለፍና ፒዩኬ የሚባል ባለ 8 አሃዝ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፣ እሱንም 10 ጊዜ ከሳቱ ሲሙ ይሞታል። ሁለቱም ሲሙ ተነቅሎ በወጣበት ፕላስቲክ ካርድ ላይ ካልተጻፉ ከማዕከሉ ሳይወጡ ይጠይቁ።